ካርቦን ቅነሳና የከተማ አየር፦ ከባኦዲንግ የሚገኘው ማስረጃ

ቻይና በ2010 አምስት ክፍለ ሀገሮችንና ስምንት ከተሞችን የዝቅተኛ ካርቦን ልማት መሞከሪያ አድርጋ መረጠች (ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ከስምንቱ መካከል ሼንዘንና ቲያንጂን በዓለም የታወቁ ናቸው፤ ባኦዲንግን ግን ከቻይና ውጭ የሚያውቃት ጥቂት ነው። ከቤጂንግ ደቡብ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች የሄቤይ ከተማ ይንግሊን የመሰሉ የፀሐይ ኃይል መሣሪያ አምራቾች መናኸሪያ ነበረች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ መንግሥት የአየር ጥራታቸውን ካወዳደራቸው 74 ከተሞች የመጨረሻውን ደረጃ የያዘችውም እሷው ናት።

ይህን እንደ ተቃርኖ ማየት ይቀናል። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ለመረመረው ግን ተቃርኖ የለበትም። ቻይና በ2009 የገባችው ቃል በ2020 ካርቦንን ከ2005ቱ ከ40 እስከ 45 በመቶ ለመቀነስ ነበር፤ ስሌቱ ግን በእያንዳንዱ የአገር ውስጥ ምርት አሃድ ነው እንጂ በጠቅላላ ልቀት አይደለም። ኢኮኖሚው በፍጥነት በሚያድግበት አገር የሚቃጠለው ድንጋይ ከሰል እየጨመረም ይህ ምጣኔ ሊወርድ ይችላል። የነዋሪው ሳንባ የሚቀበለው ደግሞ ምጣኔውን ሳይሆን ጠቅላላውን ጭስ ነው።

የሚበልጠው ጉዳይ ግን ከሰሉ የሚቃጠልበት ቦታ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከየትም ይውጣ ከየት፣ ከዓለም አየር ጋር ተቀላቅሎ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ነው። ፒኤም 2.5 የሚባለው ደቃቅ ብናኝ ግን የሚጎዳው በዋናነት በቅርብ ያለውን ሰው ነው። አንድ ቶን ከሰል ማጣሪያ በተገጠመለት የኃይል ማመንጫ ቢነድና ሌላ ቶን በገበሬ ቤት ምድጃ ቢነድ የካርቦኑ መጠን ተቀራራቢ ነው፤ የብናኙ ግን እጅግ ይራራቃል። የቤት ምድጃ ማጣሪያ የለውም፤ ጭሱም የሚወጣው ከጣሪያ ከፍታ ነው። ስለዚህ በካርቦን መዝገብ ላይ ኢምንት የሚመስለው የገጠር ምድጃ በክረምቱ ብርድ ወራት ለከተማው አየር መበከል ዋነኛ ምክንያት ይሆናል። በምዕራብ የታይሃንግ ተራሮች ነፋሱን ሲገቱት ጭሱ መውጫ ያጣል፤ የጎረቤት ከተሞች የብረት ፋብሪካዎች ጭስም ይታከልበታል። የባኦዲንግ የፀሐይ ሰሌዳዎች በብዛት የተሸጡት ደግሞ ለአውሮፓ ነበር። የዳነው ካርቦን እዚያ ሲቆጠር፣ ሰሌዳውን ያመረተው የከሰል ኤሌክትሪክ ጭስ እዚሁ ቀርቷል።

መሞከሪያ ከተሞችን ከሌሎቹ ጋር፣ ከፖሊሲው በፊትና በኋላ እያነጻጸሩ የአየር መሻሻል ማየታቸውን የሚገልጹ የኢኮኖሚክስ ጥናቶች ብዙ ናቸው። መሻሻሉን አልጠራጠርም፤ የምጠራጠረው ምስጋናው ለማን ይሁን በሚለው ነው። የመንግሥት ምክር ቤት በመስከረም 2013 ያወጣው የአየር ብክለት መከላከያ ዕቅድ የቤጂንግ፣ የቲያንጂንና የሄቤይ ቀጠና ፒኤም 2.5ን በ2017 በ25 በመቶ እንዲቀንስ አዝዟል። ቤጂንግ በ2012 ወደ ዝቅተኛ ካርቦኑ ሙከራ ገብታ ነበር፤ ብናኟም በሜትር ኩብ ከ89.5 ማይክሮግራም (2013) ወደ 58 (2017) ወርዷል። ከሁለቱ ፖሊሲዎች የትኛው ነው ያወረደው? የከሰል ማመንጫዎቿ በጋዝ መተካታቸው ካርቦንንም ብናኝንም ይቀንሳል። ጭስ ማጣሪያ ግን ሰልፈርን እያስቀረ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚበላ ካርቦኑን በጥቂቱ ይጨምራል፤ የአየሩን ፋይዳ ለካርቦን ፖሊሲ መስጠት እዚህ ላይ ስሕተት ይሆናል። በዚያ ላይ ጭስ የከተማ ወሰን አያውቅም፤ መሞከሪያው ከተማ ሲጠራ ማነጻጸሪያ የተደረገው ጎረቤቱም ይጠራል፣ ልዩነቱም ይደበዝዛል። ፒኤም 2.5 በቻይና የአየር ጥራት መስፈርት ውስጥ የገባው በ2012 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት ላለው ጊዜ ተመራማሪዎች በአብዛኛው የሚደገፉት በሳተላይት ግምት ነው።

በባኦዲንግ እስከ ምድጃው የዘለቀው እርምጃ የመጣው በ2017 ነው፤ የወጣውም በአየር ጥራት ስም ነበር። ባኦዲንግን ጨምሮ 28 የሰሜን ከተሞች የቤት ከሰልን በጋዝና በኤሌክትሪክ እንዲተኩ ታዘዙ። ከሰል ቆሞ የጋዝ መስመሩ ባልተጠናቀቀባቸው መንደሮች ሰው በብርድ ተቀጣ፤ በባኦዲንግ ሥር ባለችው በቹያንግ ወረዳ ማሞቂያ ያጡ ተማሪዎች ደጅ ወጥተው ፀሐይ ላይ መማራቸው የአገሬውን ጋዜጣ አነጋገረ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴሩም በታኅሣሥ መቀየሪያው ባልተጠናቀቀበት ስፍራ ከሰል ማንደድ እንዲፈቀድ ጻፈ። አተገባበሩ ጨካኝ ነበር። ሆኖም ማጣሪያ የሌለውን ከሰል ከመኖሪያ ቤት በማስወጣቱ ለሳንባ ያመጣው ጥቅም ከሰባት ዓመቱ የመሞከሪያ ማዕረግ የሚበልጥ ይመስለኛል።