ፓምፑ ውኃ ትቶ አየር ሲስብ

ሞተሩ ይጮኻል፤ ውኃው ግን እየተቆራረጠ ይመጣል ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ችግሩ በአዲስ አበባ ባለ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ላይ ሲያጋጥም ውኃው ሳይጣራ ውሎ ያድርና ይደፈርሳል። በደቡብ ወሎ፣ በደጎሎና በመካነ ሰላም ዙሪያ ከጅረት በሚስብ የመስኖ ሞተር ፓምፕ ላይ ሲያጋጥም ደግሞ ነዳጅ በከንቱ ይቃጠላል፤ ማሳውም ሳይጠጣ ይቀራል። በሁለቱም ቦታ መጀመሪያ የሚወቀሰው ፓምፑ ነው። ሆኖም ፓምፑ ተፈቶ ለጥገና ከመወሰዱ ወይም አዲስ ከመገዛቱ በፊት ከውኃው እስከ ፓምፑ ያለውን መስመር መፈተሽ ይገባል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው በአንዲት የጎማ ቀለበት ላይ ነው።

አየሩ የሚገባው ከየት ነው?

በተለምዶ ፓምፕ ውኃ ይስባል ይባላል። እንደ እውነቱ ከሆነ ግን ፓምፑ የሚያደርገው በመግቢያው በኩል ያለውን ግፊት ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው ከውጭ የሚጫነው የከባቢ አየር ነው። ስለዚህ ከፓምፑ በፊት ባለው መስመር ላይ ክፍተት ካለ ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ ውኃ አይንጠባጠብም፤ አየር ይገባል። ከፓምፑ በኋላ ባለው መስመር ላይ ክፍተት ካለ ግን ውኃ ወደ ውጭ ይረጫል። ይህን ልዩነት ማወቅ ፍለጋውን በግማሽ ይቀንሰዋል።

በተለይ ፓምፑ ከገንዳው ውኃ ዝቅ ብሎ የተተከለ ከሆነ አንድ ቀላል ምልክት አለ። ሲሠራ ደረቅ፣ ሲቆም ግን የሚያነባ መገጣጠሚያ ካለ አየሩ የሚገባው በዚያው ነው።

ከፍታው የሚያመጣው ጣጣ

ጣሊያናዊው ቶሪቼሊ እ.ኤ.አ. በ1643 ካደረገው ሙከራ ጀምሮ የአየር ጫና ወሰን እንዳለው ይታወቃል። በባሕር ወለል ላይ አየር ውኃን ሊደግፍ የሚችለው እስከ 10.3 ሜትር ነው። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ይህ ወደ 7.8 ሜትር፣ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት መካነ ሰላም ደግሞ ወደ 7.5 ሜትር ይወርዳል።

ይህ በስሌት ነው። በተግባር በቱቦው ውስጥ ያለው ሰበቃና የፓምፑ የራሱ ፍላጎት ስለሚቀነስ፣ በደጋ ከ4 እስከ 5 ሜትር ካለፈ በኋላ መተማመን አይቻልም። የፍል ውኃ ገንዳ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ ተጨማሪ ግማሽ ሜትር ያህል ይወስዳል። በአምራቹ መመሪያ ላይ የተጻፈው ልክ አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለል የተሰላ ነው። ቆላ ላይ ያለችግር የሚሠራ ፓምፕ ደጋ ላይ በትንሽ ክፍተት የሚቆመው ትርፍ አቅም ስለሌለው ነው። ስለዚህ በከፍታ ቦታ የመጀመሪያው መፍትሔ ፓምፑን በተቻለ መጠን ወደ ውኃው ማቅረብ ነው።

በቅደም ተከተል መፈተሽ

1. የውኃው ልክ። የገንዳው ውኃ ከገጽ መሳቢያው አፍ መሃል በታች ከወረደ አየር አብሮ ይገባል። በጅረት ላይም የቱቦው ጫፍ በደንብ ካልሰመጠ ውኃው እየተሽከረከረ አየር ይዞ ይወርዳል።

2. የማጣሪያ ቅርጫቱ ክዳን። ዋናው ተጠርጣሪ ይህ ነው። ኦሪንጉን አውጥቶ ማጽዳት፣ የተሰነጠቀ ወይም የጠፈጠፈ ከሆነ መለወጥ ያስፈልጋል። የሚቀባው የሲሊኮን ቅባት ነው፤ የመኪና ግሪስና ቫዝሊን ጎማውን ያበላሹታል።

3. የማፍሰሻ ቡሎኖችና ጥርስ ያላቸው መገጣጠሚያዎች። ፓምፑ ያለ ውኃ ሠርቶ ከሞቀ በመግቢያው ላይ ያለው የፕላስቲክ ጥርስ ይኮማተራል። እንዲህ ዓይነቱን በቴፍሎን ደጋግሞ መጠቅለል አያዛልቅም፤ መለወጥ ይሻላል።

4. የቫልቭ እጀታዎችና የፓምፑ ዘንግ ማሸጊያ።

5. በሞተር ፓምፕ ላይ የጎማው ቱቦና ማሰሪያው። በከመነዳሪ ቁራጭ የታሰረ ቱቦ ውኃ ባያፈስም አየር ያስገባል። ጫፉ ላይ ያለው ፉት ቫልቭም በአሸዋና በቅጠል ሳይዘጋ ከቀረ ፓምፑ በቆመ ቁጥር ውኃው ይመለሳል።

ክፍተቱ በዓይን ካልታየ ፓምፑ እየሠራ የሳሙና አረፋ በየመገጣጠሚያው ላይ ማድረግ ነው፤ አረፋው ወደ ውስጥ ከተሳበ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። መገጣጠሚያው ላይ ውኃ ማፍሰስም ይረዳል። በክዳኑ መስታወት የሚታየው አረፋ ለጊዜው ከጠፋ አየሩ የሚገባው እዚያ ላይ ነው።

ከመሬት በታች ሲሆን

ከላይ ያለው ሁሉ ደህና ሆኖ አየሩ ካልቆመ የተቀበረው ቱቦ ይጠረጠራል። የጃማ ወረዳ ደጋ በዋልካ አፈሩ ይታወቃል፤ በአዲስ አበባም ቦሌን የመሳሰሉ አካባቢዎች ጥቁር አፈር አላቸው። ይህ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ የተቀበረ ቱቦንም ከመገጣጠሚያው ይጎትታል። ስለዚህ ችግሩ በበጋ ከጀመረ ይህን ማሰብ ተገቢ ነው። ማረጋገጫው የመስመሩን ሁለት ጫፍ ዘግቶ በውኃ ግፊት መፈተን ነው፤ ግፊቱ ከወረደ ቱቦው ክፍት ነው። በታመቀ አየር መፈተን ግን ቱቦው ቢፈነዳ ሰው ይጎዳል። አዲስ ሲቀበርም ቱቦው በአሸዋ ቢታቀፍ የአፈሩን ጉልበት ይቀንሳል።

ለምን አይዘገይም?

አየር ከውኃ በ800 እጥፍ ገደማ ስለሚቀል የፓምፑ ምላስ ሊገፋው አይችልም። ፓምፑ ባዶውን ሲሽከረከር የዘንጉ ማሸጊያ ይቃጠላል፤ ውኃው ከዚያ ወደ ሞተሩ ይደርሳል። ከዚህ የከፋው በመዋኛ ገንዳ ማጣሪያ ጋን ውስጥ የሚጠራቀመው አየር ነው። ታምቆ ሲቆይ የጋኑን ክዳን በኃይል ሊወረውረው ይችላል። ስለዚህ ማንኛውም ክዳን ወይም ማሰሪያ ከመፈታቱ በፊት ኤሌክትሪኩ መጥፋት፣ የማጣሪያው አየር ማስወጫም ተከፍቶ የግፊት መለኪያው ዜሮ ላይ መድረስ አለበት።