የአዲስ አበባና የመካነ ሰላም ሁለት ርቀቶች

በካርታ ላይ ማስመሪያ አኑሮ ከአዲስ አበባ እስከ መካነ ሰላም የለካ ሰው አንድ ነገር ያስገርመዋል። ሁለቱም ከተሞች በምሥራቅ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ገደማ የሚገኙ ስለሆነ መካነ ሰላም ከዋና ከተማው ቀጥታ በስተ ሰሜን ናት። የኬክሮስ ልዩነታቸው 1 ዲግሪ ከ43 ደቂቃ በመሆኑ የአየር ርቀታቸው 190 ኪ.ሜ. ያህል ነው። በደሴ የሚዞረው ነባሩ የመኪና መንገድ ግን 580 ኪ.ሜ. ገደማ ይሆናል፤ ይኸውም ከቀጥታው ሦስት እጥፍ ነው።

ምክንያቱ የታወቀ ነው። ጀማና ወለቃ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ደጋውን ቆራርጠው ጥልቅ ሸለቆ ስላደረጉት፣ መኪናው ቀጥታውን ትቶ በምሥራቅ በኩል እንዲዞር ግድ ሆነ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። ከዚያም የአገር ውስጥ መሥመሮቹ እየተስፋፉ ሲሄዱ፣ የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው መካነ ሰላምም የአውሮፕላን ማረፊያ ካገኙት ከተሞች አንዷ ሆነች። በሰዓት 270 ኪ.ሜ. የሚበር የዚያ ዘመን ዳኮታ ይህን ርቀት በ42 ደቂቃ ይጨርሰዋል። በሰዓት በአማካይ 40 ኪ.ሜ. የሚሄድ አውቶቡስ ግን በደሴ ዞሮ ለመድረስ 14 ሰዓት ተኩል ያስፈልገዋል።

ይሁን እንጂ የአየሩም መንገድ የራሱ ዳገት አለው። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ የአየሩ ጥግግት በባሕር ወለል ካለው 77 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት 14 በመቶ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ይሻል፤ ይህም ወይ ሜዳው እንዲረዝም ወይ ጭነቱ እንዲቀንስ ያስገድዳል። ከ42 ደቂቃው ተጠቃሚ የሆነው እንግዲህ ለቲኬት ገንዘብ የነበረው ጥቂት ሰው እንጂ እህሉን ለገበያ የሚያወጣው ገበሬ አልነበረም።

የዚህ ትርጉም በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በግልጽ ታየ። መኪና ሊደርስባቸው ባልቻለ ደጋማ ቦታዎች፣ ለምሳሌ በሰሜን ሸዋ በራቤል፣ የእንግሊዝ ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበረሩ የእህል ጆንያ ወረወሩ። ከአዲስ አበባ በአየር አንድ ሰዓት የማይሞላ አገር፣ እህል ከሰማይ ካልተጣለለት በቀር የማይደረስበት ሆኖ ተገኘ።

ዛሬ ወደ መካነ ሰላም መደበኛ የመንገደኛ በረራ የለም። 190 ኪ.ሜ. የሚለው ቁጥር በካርታው ላይ እንዳለ ቢሆንም ለመንገደኛው አንዳች አይፈይድለትም። እኛም የሙያው ባለቤቶች በጥናታችን ላይ የሁለት ከተሞችን ርቀት ስንጽፍ፣ ከኪሎ ሜትሩ ጎን ጊዜውንና የጉዞውን ዋጋ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጓዡ ማን እንደሆነ ልንጽፍ ይገባናል።