ስግድ

«ሰገደ» ከሚለው ግሥ የወጣ ቃል ነው፤ ለቤተ እስራኤል፣ ለኢትዮጵያ አይሁድ፣ ግን የበዓል ስም ነው። ምህልላም ይሉታል። ከአስተሥርዮ (ከኃጢአት ስርየት ቀን) ጀምሮ ሲቆጠር በ50ኛው ቀን ይውላል።

ጎንደር አካባቢ ባለችው የቤተ እስራኤል መንደር በአምቦበር ቄሶቹ ኦሪቱን ይዘው ተራራ ይወጡ ነበር። ሕዝቡም ጾሞ ይከተል ነበር፤ አንዳንዱ ድንጋይ ተሸክሞ። ከኦሪትና ከነህምያ ይነበብ፣ ወደ ኢየሩሳሌም ይሰገድ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ወርደው ጾም ይፈቱ ነበር።

እኔን እጅግ የሚነካኝ ቅደም ተከተሉ ነው። በአስተሥርዮ እያንዳንዱ የራሱን በደል ይመረምራል፤ በስግድ ደግሞ ሕዝቡ በአንድነት ቃል ኪዳኑን ያድሳል። ነፍስ ከግል ንስሐ ወደ ማኅበር ንስሐ የምታድግበት ጊዜ ተሰጥቷታል ማለት ነው። አብዛኛው ሕዝብ ወደ እስራኤል ከሄደ በኋላ የእስራኤል ፓርላማ በ2008 እ.ኤ.አ. ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል፤ ዛሬ ቄሶቹ ጥላ ዘርግተው የሚጸልዩት እዚያው ኢየሩሳሌም ነው።