ክሊራንስ የፈረመልኝ ቢሮ

ባለፈው ዓመት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ የስልክ መተግበሪያ እንድንሠራለት አዘዘን። ሥራው ቀላል ነበር፤ ሁለት ገጽ። አንዱ «መጪ ዝግጅቶች» ይባላል፦ የፍሬሽ አቀባበል፣ የክበባት ምዝገባ፣ የግጥም ምሽት፣ የዲፓርትመንት ዋንጫ። ሌላው «የተማሪ አገልግሎቶች»፦ ክሊኒክ፣ የምክር አገልግሎት፣ ቲቶሪያል፣ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች የሚሰጥ ድጋፍ፣ አቅም ለሌላቸው የሚደረግ እርዳታ። ለፕሮግራመር ይሄ ሁለት ሠንጠረዥ ማለት ነው። በሦስት ሳምንት እንጨርሰዋለን አልን።

እኔ ግን ሁለተኛው ሠንጠረዥ ላይ ቆምኩ። «የምክር አገልግሎት» የሚለውን ረድፍ ስሞላ የፍሬሽ ዓመት የዶርም ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ላይ ነበር የሚተኛው። ከገጠር የመጣ፣ በሒሳብ ሁላችንንም የሚያስከነዳ ልጅ ነበር። ኅዳር ላይ ክፍል መግባት ተወ። ታኅሣሥ ላይ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መዋል ጀመረ። የሴሚስተሩ ፈተና ሳይደርስ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ስምንት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ እየኖርን ማናችንም «ምን ሆነህ ነው?» አላልነውም። ሰነፈ ነው ያልነው።

ጊቢያችን ውስጥ የምክር ቢሮ እንደነበረ ያወቅሁት ተመርቄ ክሊራንስ ሳስፈርም ነው። ከጊቢው ለመውጣት የዚያ ቢሮ ፊርማም ያስፈልግ ነበር።

ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ማታ ማታ ኮዱን ትቼ ታሪክ ማንበብ ያዝኩ። ጥያቄዬ ቀላል ነው። እዚህ አገር ተማሪን ማብላት፣ ማስተኛትና ማሰባሰብ የማን ሥራ ነበር? በምላሹስ ከተማሪው ምን ይጠበቅ ነበር?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲከፈት ተማሪዎቹ መቶ እንኳን አይሞሉም ነበር። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው የጀስዊት ማኅበር አባል ሉሲየን ማት ነበሩ። ተማሪዎቹ አዳሪዎች ናቸው፤ ምግቡም፣ መኝታውም፣ ትምህርቱም ከመንግሥት ነው። ዛሬ በሁለት ገጽ የምናሳየው ነገር ሁሉ ያኔ በአንድ አጥር ውስጥ፣ በአንድ ማዕድ ዙሪያ ነበር። ዲሲፕሊኑ ግን ጥብቅ ነው። የተማሪው ቦታ የእንግዳም የልጅም ነበር፤ ልጅ ደግሞ ማዕድ ላይ ተቀምጦ አባቱን አይከራከርም።

መከራከር የተጀመረው ግን እዚያው ማዕድ ላይ ነው። ከ1951 ዓ.ም. ጀምሮ በንጉሡ ስኮላርሺፕ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የመጡ ተማሪዎች ኮሌጁን ተቀላቀሉ። በኋላ የኬንያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት ሮበርት ኡኮ ከነሱ አንዱ ነበሩ። እነዚህ ልጆች ፀረ ቅኝ ግዛት ትግል ከሚፋፋምባቸው አገሮች የመጡ ናቸው፤ ስለ ፖለቲካ ጮክ ብሎ ማውራት ለነሱ ብርቅ አይደለም። ቅኝ ያልተገዛነው እኛ ነን፤ ድምፅን ከፍ አድርጎ መናገርን ያለማመዱን ግን ቅኝ ከተገዙ አገሮች የመጡት ናቸው።

በዚያ ዘመን የዓመቱ ትልቅ ዝግጅት «የኮሌጅ ቀን» ነበር። ስፖርት አለ፣ ትርዒት አለ፣ የግጥም ውድድር አለ። ንጉሡም ይገኛሉ። ዛሬ በመተግበሪያችን ላይ «የግጥም ምሽት፣ 11፡30፣ በዋናው አዳራሽ» ተብሎ የሚጻፈው ዓይነት ነገር ነው። የ1953ቱ ግን የተለየ ሆነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደርጎ ከሽፏል፤ የኮሌጁ ተማሪዎችም ሙከራውን ደግፈው ሰልፍ ወጥተው ነበር። በኮሌጁ ቀን ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» የተባለ ግጥሙን አቀረበ። ርዕሱ ብቻ እንኳ ብዙ ይላል። እስከዚያ ድረስ ስለ ደሃው ይወራል እንጂ ደሃው ራሱ አይናገርም ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በግጥም የተነሳ የተቀጡ ተማሪዎች ነበሩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ደግሞ የአዳሪነቱ ሥርዓት ለአብዛኛው ተማሪ ቀረና ተማሪው ከጊቢ ውጭ ቤት መፈለግ ጀመረ። የተማሪው ቁጥር እየጨመረ ስለነበር የወጪ ጉዳይ ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ተማሪዎች ግን «አንድ ላይ እንዳንሆን ሊበትኑን ነው» ብለው አነበቡት። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እኔን የገረመኝ ሌላ ነገር ነው፦ አልጋው እና ግጥሙ የተያያዙ መሆናቸው። አብረው ስለሚበሉ ነው አብረው የሚያስቡት። አንዱን ስትነካ ሌላውም ይነካል።

ታኅሣሥ 1954 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ፤ ዛሬ ስድስት ኪሎ የምንለው ጊቢ ማለት ነው። ከአንድ ዓመት በፊት የመፈንቅለ መንግሥቱ ታጋቾች የተገደሉት እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነበር። ስጦታው ትልቅ ነው፤ የስጦታ ጠባዩ ግን ተቀባዩ አመስጋኝ እንዲሆን መጠበቁ ነው።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ እንዲያገለግል ተደነገገ። «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» ይባል ነበር፤ አብዛኛው በመምህርነት ነው የሚመደበው። «አገልግሎት» የሚለው ቃል አቅጣጫውን እንዴት እንደቀየረ ልብ በሉ። እኛ ዛሬ የተማሪ አገልግሎት ስንል ለተማሪው የሚሰጠውን ነው፤ ያኔ ተማሪው የሚሰጠው ነበር። ሁሉም በደስታ አልሄደም። ሄዶ የተመለሰው ግን የገበሬውን ቤት አይቶ ነው የተመለሰው። በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ተማሪዎቹ «መሬት ለአራሹ» ብለው ወጡ። በ1958 ደግሞ ሾላ አካባቢ ለማኞችና ችግረኞች ታጉረው ስለነበሩበት ካምፕ «ድህነት ወንጀል ነው ወይ?» እያሉ ተሰለፉ። ለራሳቸው አልጋ ሳይሆን ለሌላው ሰው አልጋ ማለት ነው።

ይሄን ሳነብ ጀግኖች ብቻ ማየት ፈልጌ ነበር። መጋቢት 1960 ግን አልፈቀደልኝም። ስድስት ኪሎ በራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። የተማሪው እንቅስቃሴ ሰዎች የባዕድ ባህልና የቅንጦት ማሳያ ነው ብለው ተቃወሙት። በሩ ላይ ቆመው ታዳሚውን አንጓጠጡ፤ ፖሊስ መጣ፤ ተማሪዎች ታሰሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋ። «መጪ ዝግጅቶች» ላይ የምትለጠፍ አንዲት መስመር ይህን ሁሉ አስከተለች። ረሃብ ባለበት አገር ፋሽን ምንድነው የሚለው ጥያቄ ይገባኛል። ግን ሴት ተማሪዎች በጣት በሚቆጠሩበት ጊቢ፣ አዳራሹ በር ላይ ሴቶች የሚዋከቡበት ትግልም ጥያቄ ይነሳበታል። አዳራሹ የማን ነው? ምን ዓይነት ዝግጅት ነው ለጊቢ የሚመጥነው? ማንስ ነው የሚወስነው? እነዚህ ጥያቄዎች ያኔም አልተመለሱም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የተማሪዎች ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ማታ በጥይት ተገደለ። በማግስቱ ጓደኞቹ አስከሬኑን ወደ ጊቢ አመጡ፤ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱባቸው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር አሰማራ። ከዘመቻው ማግስት የመጣውን ቀይ ሽብር ከዚያ ትውልድ የተረፉት ሰዎች ዛሬም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚያወሩት።

ወደኛ ዘመን ስንመጣ ወሬው ወደ ሒሳብ ይቀየራል። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት መጣ። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ፣ ከትምህርቱም ወጪ ድርሻውን፣ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ሊከፍል ይፈርማል። እኔም ፈርሜያለሁ። የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ምን እንደፈረምኩ በደንብ ያነበብኩት ሥራ ስፈልግ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከአርባ በላይ ሆነዋል፤ ያንን ሁሉ ተማሪ በነጻ ማብላት ከባድ እንደሆነ ማንም ይገባዋል። ግን ከአባት ማዕድ ወደ ዕዳ መዝገብ ስንሸጋገር ትርጉሙም ተቀይሯል። ዕዳ ከሆነ ምሕረት አይደለም ማለት ነው። የካፌው ሽሮ ውኃ ሲሆን፣ ቧንቧው ሲደርቅ፣ የምክር ቢሮው ሲቆለፍ የሚጠይቅ ተማሪ ምስጋና ቢስ አይደለም፤ የሚከፍልበትን ነገር ነው የጠየቀው። እኛ ግን ዕዳውን እንደ አዲሱ ዘመን ሰው ፈርመን፣ አንገታችንን እንደ ድሮው እንግዳ ሰበርን። ለዚህ ይመስለኛል የዶርም ጓደኛዬ ቢሮ ፈልጎ ማንኳኳት ያልታየው። እኛም አልታየንም።

መተግበሪያውን ከማስረከባችን በፊት ስልኩን አፈላልጌ ደወልኩለት። አሁን ትውልድ ከተማው ውስጥ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፤ ሁለት ልጆች አሉት። ስለ ምክር ቢሮው ነገርኩት። እንዲህ ያለ መተግበሪያ ያኔ ቢኖር ትሄድ ነበር ወይ አልኩት። ሳቀ።

«አልሄድም ነበር» አለኝ። «ስልክስ የት ነበረኝ? ደግሞ እንዲህ ያለ ቦታ ብቻውን የሚሄድ ሰው አለ እንዴ? አንዳችሁ ና እንሂድ ብትሉኝ ግን እሄድ ነበር።»

ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር፤ ቃሉ አልወጣልኝም። እሱ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ማውራት ጀመረ፤ እኔም ተከተልኩት።

በማግስቱ ሁለቱን ገጾች አንድ አደረግኋቸው። የፍሬሽ አቀባበሉ ስር የምክር ቢሮው አለ፤ የሚከፈትበት ሰዓት፣ የሕንፃው ቁጥር፣ በሩ ላይ የምታገኙት ሰው ሥራ ድርሻ ጭምር። የግጥም ምሽቱ ስር አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች የሚሰጠው እርዳታ ማመልከቻ የሚያበቃበት ቀን አለ። እያንዳንዱ አገልግሎት አጠገብ አንድ ቁልፍ ጨመርኩ፤ ስትነኩት ለመረጣችሁት ሰው መልእክት ይልካል። ደንበኛው «ይሄ ትእዛዙ ውስጥ አልነበረም» አለ። ልክ ነው፣ አልነበረም። ሁለት ስብሰባ ፈጀ፤ በመጨረሻ ይቆይ ተባለ።

ቁልፉ ላይ የተጻፈው ሁለት ቃል ነው፦ «ና እንሂድ»። ለሴት ተማሪዎች «ነይ እንሂድ» ይላል።