እናቲቱ እንጀራ እናት የሆነችበት ተረት

ያዕቆብ ግሪምና ዊልሄልም ግሪም የሚባሉት ሁለት ወንድማማቾች እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1785 እና በ1786 ዓ. ም. በጀርመን አገር፥ ሐናው በምትባል ከተማ ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያለውም ዘመን ሁሉ እንደዚሁ ነው።) ትምህርታቸው ሕግ ነበረ፤ ልባቸው ግን ወደ ጥንቱ ቋንቋና ወደ ተረት አዘነበለ። ካስል የምትባለው ከተማቸው በናፖሌዎን ወንድም በዤሮም እጅ ሳለች ከወዳጆቻቸው ቤት ቈነጃጅትና ከሌላም ሰው አፍ የሰሙትን ጽፈው፥ በ1812 የመጀመሪያውን መጽሐፍ በበርሊን አሳተሙ።

በዚያ መጽሐፍ እንደ በረዶ ነጭ፥ እንደ ደም ቀይ፥ እንደ ዞጲ ጥቁር የሆነች ልጅ የተመኘች ንግሥት አለች። የተመኘቻትም ልጅ ተወለደች። ነገር ግን ልጂቱ ሰባት ዓመት በሞላት ጊዜ መስተዋቱ ስለ ልጂቱ ቍንጅና መሰከረ፤ ንግሥቲቱም ቀንታ ወደ ጫካ ተወስዳ እንድትገደል አዘዘች። እንግዲህ በ1812ቱ መጽሐፍ ተመኝታ የወለደቻትና ሞት የፈረደችባት አንዲት ሴት ናት።

በ1819 በወጣው በሁለተኛው እትም ግን ዊልሄልም ጥቂት ቃል ጨመረ፤ እናቲቱ ስትወልድ ሞተች፥ ንጉሡም ዓመት ቈይቶ ሌላ ሚስት አገባ አለ። ሐንዜልና ግሬተል የተባሉትን ልጆች ወደ ዱር ያስጣለችውን እናትም በ1840 እትም እንዲሁ እንጀራ እናት አደረጋት። የወላጅ ክብር እንዳይነካ ብሎ ያደረገው ይመስላል፤ አሳቡም አይነቀፍም። ዳሩ ግን ነውሩ ከአንዲቱ ትከሻ ወደ ሌላዪቱ ተዛወረ እንጂ አልወረደም። በዚያ ዘመን በወሊድ የምትሞት እናት ብዙ ነበረች፤ የሙት ልጅ ተቀብላ የምታሳድግ እንጀራ እናትም ጥቂት አልነበረችም። በእርስዋ ላይ ያለ ጠበቃ ተፈረደባት።

የሚያስደንቀው ግን ይህ ነው። በካስል አጠገብ የምትኖር ዶሮቴያ ፊማን የምትባል የልብስ ሰፊ ሚስት ብዙ ተረት ነግራቸው ነበር። ዊልሄልም በ1815 በወጣው በሁለተኛው መጽሐፍ መቅድም፥ ይህች ሴት ደግማ ስትናገር ቃሏን እንደማትለውጥ፥ ብትስትም ወዲያው ራሷን እንደምታርም መስክሮ አመሰገናት። በጉባኤ ቤት ቃል ለሚቀበል ሰው ይህ ምስጋና ምን ያህል እንደሆነ አይጠፋውም። አመስጋኙ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ብዕሩን አንሥቶ ለወጠ።

ወንድማማቾቹ ዋዛ ሰዎች አልነበሩም። በ1837 የሐኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን በሻረ ጊዜ መሐላችንን አናፈርስም ብለው ከጌቲንገን መምህርነታቸው ተሽረዋል።

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ሲሞላ፥ ታኅሣሥ 21 ቀን 1937፥ ዋልት ዲዝኒ ይህንኑ ተረት በእጅ በተሣለ ሥዕል ሠርቶ በሎስ አንጀለስ በሲኒማ አሳየ። ፊልሙ 83 ደቂቃ ይፈጃል። የመጽሐፉ ንግሥት በሠርጉ ላይ የጋለ የብረት ጫማ ተጫምታ እስክትሞት ትጨፍራለች፤ የፊልሙ ንግሥት ግን ከገደል ትወድቃለች። ቅጣቱ ሲለዘብ የ1819ኙ ለውጥ ግን እንዳለ ቀረ፤ ንግሥቲቱ ከመጀመሪያው እንጀራ እናት ናት፥ የወለደችው እናት አትታይም። እንዲህም ሆኖ በየአገሩ ያለ ሕፃን አያት።

በመጽሐፉ ልጂቱ ነፍሷን ለእግዚአብሔር አደራ ሰጥታ ትተኛለች። በፊልሙም በአልጋው አጠገብ ተንበርክካ ላስጠጓት ለሰባቱ ድንኮች ትጸልያለች፤ ቍጡው ድንክ እንዲወዳትም ጨምራ ትለምናለች። የእንጀራ እናቷን ስም ግን አታነሣም።