የከተማ ፕላንና የግንባታ ፈቃድ በኢትዮጵያ

የከተማ ፕላን በአንድ ከተማ ክልል ውስጥ ያለ መሬት ለመኖሪያ፣ ለንግድ፣ ለኢንዱስትሪ፣ ለመንገድ ወይም ለአረንጓዴ ቦታ እንዲውል የሚወስን ሰነድ ነው። ባለይዞታው በቦታው ላይ ምን ዓይነት ሕንፃና እስከ ስንት ፎቅ መሥራት እንደሚችል የሚወሰነው በዚሁ ፕላን ነው።

የሕግ መሠረት

በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40ም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ስለዚህ ግለሰቡ የቤቱ ባለቤት ቢሆንም በመሬቱ ላይ ያለው መብት የመጠቀም መብት ነው። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ሁለት ዓይነት የከተማ ፕላን አውጥቷል፤ መዋቅራዊ ፕላን የከተማውን አጠቃላይ የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መንገዶች ሲያሳይ፣ የአካባቢ ልማት ፕላን የአንድን ሰፈር ዝርዝር ያሳያል።

የፈቃድ አሰጣጥ

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የወጣው 10,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ላላቸው ከተሞች ሲሆን፣ ከዚያ ያነሱት ክልሉ ሲወስን ይካተታሉ። አዋጁ ከግንባታ ፈቃድ በፊት «የፕላን ስምምነት» የሚባል ደረጃ አስቀምጧል፤ በዚህ ደረጃ ባለይዞታው የታሰበው ግንባታ ከፕላኑ ጋር መስማማቱን ያረጋግጣል። በመሆኑም የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ መያዝ ብቻውን ለመገንባት አያበቃም።

በባለይዞታው ላይ ያለው ውጤት

ለመኖሪያ የተሰጠን ቦታ ለንግድ ለማዋል የአገልግሎት ለውጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፕላኑ በይዞታው ላይ መንገድ ካሳለፈ ቦታው ሊለቀቅ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ የሚከፈለው በመሬቱ ላይ ለሠፈረው ንብረትና ለተደረገው ቋሚ ማሻሻያ እንጂ ለመሬቱ የመሸጫ ዋጋ አይደለም። ያለ ፈቃድ የተሠሩና በተለምዶ «ጨረቃ ቤት» የሚባሉት ደግሞ የመፍረስ አደጋ አለባቸው።

ባሕር ዳርና አንበሳሜ

ባሕር ዳር ጀርመናዊው ማክስ ጉተር በ1950ዎቹ ያዘጋጁት ማስተር ፕላን ነበራት። አንበሳሜ በደቡብ ጎንደር ዞን የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እንደ አንበሳሜ ያሉ የወረዳ ከተሞች በእርሻ መሬት የተከበቡ ስለሆኑ የከተማው ወሰን ሲሰፋ ማሳው በፕላኑ ውስጥ ይገባል። የገበሬው የገጠር መሬት ደብተር የሚያረጋግጠው ግን የእርሻ ይዞታን ነው፤ የከተማ ቤት መሥሪያ ፈቃድ አይደለም። ከገበሬ በስምምነት ወረቀት ብቻ ቦታ ገዝቶ ቤት የሠራ ሰው የግንባታ ፈቃድ ለመጠየቅ የሚያበቃ ሕጋዊ ይዞታ አይኖረውም። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የቦታውን የፕላን ምደባ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ ማጣራት ያስፈልጋል።