ስለ ጉባኤ ቤት ሥርዓትና ስለ ትምህርት መጽናት

ትምህርት በመምህር ዕውቀትና በደቀ መዝሙር ብልሃት ብቻ የሚጸና የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዳሩ ግን የጉባኤ ቤትን ታሪክ ለመረመረ ሰው፥ ዕውቀቱን ከዘመን ወደ ዘመን ያሻገረው የቤቱ ሥርዓትና ቤቱን ያቆመው ሕዝብ ጭምር እንደ ሆነ ይገለጥለታል።

አስቀድሞ ሥርዓቱ እንደ ትምህርቱ ጠባይ ይለያያል። ዜማ እንደ ተቀበሉት ሊጠበቅ የሚገባው ስለ ሆነ፥ ተማሪው ቃሉን ከነምልክቱ እየደጋገመ ያጠናል፤ ከዚያም ወደ ምስክር ቤት ይሄዳል። ለድጓ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አባ፥ ለቅዳሴ ደብረ ዓባይና ሰለልኩላ፥ ለአቋቋም ጎንደር በአታ ምስክር ሆነው ኖረዋል። መምህራን በየአውራጃው ቢበተኑም ዜማውን ከመበተን የጠበቀው ይህ ነው። የድጓው ስልት ቤተ ልሔም፥ ቆማ፥ አጫብር እየተባለ በየቦታው ስም መጠራቱም ትምህርት የቤቱን መልክ እንደሚይዝ ያስረዳል።

ቅኔ ግን በተቃራኒው ነው፤ የትናንቱን ዛሬ መድገም ነውር ነው። ስለዚህ ተማሪው ከሰው ርቆ ለብቻው ይቈጥራል፤ ተመልሶም ለአስነጋሪው ይነግራል። ሁለት ቤት ካለው ጉባኤ ቃና ጀምሮ ስምንት ቤት እስካለው መወድስ በደረጃ ይወጣል። አስነጋሪው ራሱ ገና ተማሪ ነው፤ የታናሹን ስሕተት ሲያቀና የራሱን ዕውቀት ያጠራል፤ መምህሩም አንድ ሲሆን ለብዙዎች ይበቃል።

ኑሮውም ትምህርት ነበረ። የባለጸጋ ልጅም የድኻ ልጅም ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳ ይዞ፥ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ሲለምን ትሕትናን ይማራል፤ ነገር ግን በረኃብና በበሽታ ከመንገድ የቀረው ጥቂት አይደለም። ይህም ኑሮ ለሴቶች ልጆች በሩን ዘግቶ ኖረ። ዓይነ ስውር የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ከአባታቸው ቅኔን ተምረው ወንበር ዘርግተው ማስተማራቸው፥ የጐደለው መንገዱ እንጂ ብልሃቱ እንዳልነበረ ይመሰክራል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ይሁን ተብሎ በታወጀ ጊዜ፥ የገባሩ ሸክም ቢቀልለትም አድባራትና ገዳማት መምህራንን ይቀልቡበት የነበረውን መሬት አጡ። መጽሐፉ ሳይጠፋ፥ መምህሩም ሳይሞት፥ ቀለብ በማጣት ወንበሩ የሚታጠፍበት ዘመን መጣ።

እንግዲህ ኢዮቤልዩውን የሚያከብር ደብር የሠራውን ሕንፃ ሲቈጥር፥ ለአንድ መምህር ቀለብ፥ ለጥቂት ተማሪዎችም ጎጆ ማዘጋጀቱን አብሮ ይቍጠር። ዱሮ መሬቱ ይሠራው የነበረውን ሥራ ዛሬ የሚሠራው የምእመናን እጅ ነውና፤ እጁ ከታጠፈ ወንበሩም ይታጠፋል።